ክትፎው አልነበረም፦ አርቪ፣ ሚኒባስና ድንኳን ውስጥ ለምታድሩ ሁሉ

የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል። ግን ከከተማ ወጣ ብሎ ማደር የምትወዱ ከሆነ፣ ወይም መኪና ወደ ማደሪያ የመቀየር ሐሳብ ካላችሁ፣ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

ባለፈው ሰሞን አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ የሚኖር አንድ ተከታታያችን ኢንቦክስ ጻፈልኝ። (ታሪኩን እንዳካፍላችሁ ፈቅዶልኛል፤ ማንነቱን የሚያሳውቅ ነገር አላካተትኩም።) የ2004 ሞዴል አርቪ በርካሽ ገዝቶ ከሥራ መልስ ራሱ ሲያድሰው ከርሟል። አርቪ ምንድነው ለምትሉ፣ ውስጡ አልጋ፣ ማብሰያ፣ ፍሪጅና ሽንት ቤት ያለው፣ መኪናም ቤትም የሆነ ነገር ነው። ወለሉን ቀየረ፣ ቁምሳጥኑን አፍርሶ እንደ አዲስ ሠራ፣ ቀለም ቀባ። ሲጨርስ ሚስቱንና የ7 ዓመት ልጁን ይዞ ሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ሄዶ አደረ።

ጥያቄው ይሄ ነበር፦ "ዶክተር፣ ለሚቀጥለው ጉዞ ምን ምን መድኃኒት ልያዝ? ባለፈው ምግብ ተመረዝን መሰለኝ። ባለቤቴና ልጄ ጠዋት ከባድ ራስ ምታት ይዟቸው ተነሱ፣ ልጁ አስመለሰው። ክትፎውን ነው የጠረጠርኩት።"

ተቅማጥ ነበረ? የለም። ትኩሳት? የለም። አንተስ? "እኔም ትንሽ ራሴን አሞኝ ነበር፣ ግን ማታ ሁለት ቢራ ጠጥቼ ስለነበር ከዛ ነው ብዬ ተውኩት።" መቼ ተሻላቸው? "ውጪ ቁጭ ብለው ቁርስ እስኪደርስ ቀስ በቀስ ለቀቃቸው።"

እዚች ጋ ደነገጥኩ። ክትፎ የመረዘው ሰው ንጹሕ አየር ስላገኘ አይሻለውም። ማታ ውስጥ የሚነድ ነገር ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኩት። "ምንም! ቡናውን ራሱ ውጪ ነው ያፈላነው" አለኝ። ትንሽ ቆይቶ ሌላ መልእክት ላከ፦ "ኧረ ዝናብ ሲመጣ ፈርኔሎውን በሩ ጋ አስገብተነው ነበር። ግን ጠፍቶ ነበር እኮ፣ አመድ ለብሶ ነበር።"

በዕለቱ ምርመራ ስላልተደረገላቸው መቶ በመቶ አልምልም። ግን ነገሩ ሁሉ የሚያመለክተው የካርቦን ሞኖክሳይድ መመረዝን ነው። እኛ "ከሰል አፈነው" የምንለው ማለት ነው።

ሌላም አንድ ጥያቄ ጠይቄው ነበር፤ መልሱን ወደ ኋላ ላይ እመለስበታለሁ።

ከሰሉ አመድ ሲለብስ ለምን አደገኛ ይሆናል?

ብዙዎቻችን ያደግነው "ጭሱ ካለቀ፣ ከሰሉ በደንብ ከቀላ፣ ምንም አይልም" እየተባልን ነው። አደገኛው ግን በዓይን የሚታየው ጭስ አይደለም። ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ ዓይን አያቃጥልም፣ አያስልም። ከሰል በቂ አየር ሳያገኝ ቀስ እያለ ሲነድ ይህን ጋዝ በብዛት ያወጣል። አመድ የለበሰ ፍም ደግሞ በትክክል ይህን ነው የሚያደርገው። ጠፍቷል ስንለው እሱ ሥራውን ቀጥሏል።

ደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚያመላልሰውን ሄሞግሎቢን እንደ ታክሲ አስቡት። ኦክስጅን ሳንባ ላይ ይሳፈራል፣ አንጎል ወይም ልብ ጋ ይወርዳል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ከሄሞግሎቢን ጋር የመጣበቅ አቅሙ ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ ነው። ስለዚህ ወንበሩን ቀድሞ ይይዛል፣ ይዞም ወራጅ አልልም ይላል። ይባስ ብሎ፣ በቀሩት ወንበሮች ላይ የተሳፈረውም ኦክስጅን ቦታው ሲደርስ በቀላሉ እንዳይወርድ ያደርጋል። ታክሲው ሞልቶ ይዞራል፣ ሰፈሩ ግን ሰው አይደርሰውም።

መጀመሪያ ራስ ምታት ይመጣል። ቀጥሎ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ የእግር መዛል፣ ግራ መጋባት። የተኛ ሰው ግን ይሄን ሁሉ ሳያውቅ በእንቅልፉ ውስጥ ራሱን ሊስት ይችላል። ነቅቶም ቢሆን "እዚህ ቤት ውስጥ አንድ ችግር አለ" ብሎ የሚያስበው አንጎል ራሱ ነው መጀመሪያ የሚደክመው። በሩ ሁለት እርምጃ ላይ ሆኖ ሳይከፍቱት የሚቀሩ ሰዎች ያሉት ለዚህ ነው።

የቦታው ጥበትም አለ። 4 በ4 የሆነ ሳሎን ወደ 40 ሜትር ኩብ አየር ይይዛል። አንድ ሚኒባስ ቢበዛ የዚህን ሩብ ያህል ነው። ድንኳንማ አትጠይቁኝ። ቤት ውስጥ ራስ ምታት ብቻ የሚያስይዘው ፍም እዚህ ሌላ ታሪክ ነው።

ጣት ላይ የምትሰካዋን መሣሪያ አትመኑ

ይህን ለብቻው የምጽፈው ራሴ ስላየሁት ነው። ኢንተርን ሳለሁ፣ የሆነ ሌሊት፣ ሁለት ወጣቶች ራሳቸውን ሊስቱ ደርሰው መጡ። ጣታቸው ላይ ፐልስ ኦክሲሜተር ስንሰካ 98 ከመቶ አለ። አንደኛው ባልደረባዬ "ኦክስጅናቸው አሪፍ ነው፣ መጠጥ ይሆናል" ብሎ ጉሉኮስ ሊያስቀጥልላቸው ነበር። ያመጣቸውን ሹፌር የት እንዳገኛቸው የጠየቀችው ነርሷ ናት። "መኪና ውስጥ ከሰል አንድደው ተኝተው" አለ። ወዲያው ኦክስጅን ተደረገላቸው።

ያቺ መሣሪያ በብርሃን ነው የምትለካው፤ ኦክስጅን የያዘውን ሄሞግሎቢን እና ካርቦን ሞኖክሳይድ የያዘውን ለይታ ማየት አትችልም። ሁለቱንም "ጤነኛ" ብላ ትቆጥራለች። በኮቪድ ጊዜ ገዝታችሁ ቤት ያስቀመጣችሁም፣ ኦክስጅን የሚለካ የእጅ ሰዓት ያሰራችሁም ይህን አስታውሱ። "የተመረዘ ሰው ፊቱ እንደ ቼሪ ይቀላል" የሚለውም መጽሐፍ ላይ የምናነበው እንጂ በሕይወት ባለ ሰው ላይ እምብዛም የማይታይ ምልክት ነው። ትክክለኛው ምርመራ በደም የሚሠራ ሲሆን በሁሉም ሆስፒታል አይገኝም። ስለዚህ ትልቁ ምርመራ እናንተ የምትነግሩን ታሪክ ነው።

አሮጌ አርቪ የገዛችሁ ወይም የምታድሱ

ወደ ወንድማችን ልመለስ። "ጠቋሚ ዲቴክተር የለህም ወይ?" ስለው፣ ነበረው። ወለሉን ሲቀይር አላስቆም እያለ ሲጮህበት ነቅሎ መሳቢያ ውስጥ ከቶታል። ሲጨርስ ሊመልሰው አስቦ ረሳው።

ቢመልሰውም አይጠቅመውም ነበር። የካርቦን ሞኖክሳይድ ዲቴክተር እንደ መድኃኒት የአገልግሎት ጊዜ አለው፤ እንደ አምራቹ ከ5 እስከ 10 ዓመት ነው። ጊዜው ሲያልፍም አረንጓዴ መብራቱ ሊበራ፣ ቁልፉን ስትጫኑት ሊጮኽ ይችላል፣ ውስጡ ያለው መለኪያ ግን ሞቶ ሊሆን ይችላል። ቁልፉ የሚፈትሸው ባትሪውንና ጩኸቱን እንጂ ጋዙን የማሽተት አቅሙን አይደለም። ገልብጣችሁ ጀርባው ላይ የተጻፈውን ቀን እዩ። ከመኪናው ጋር አብሮ የተወለደ ከሆነ አውጥታችሁ ጣሉት። አዲስ ስትገዙ ለአርቪ ተብሎ የተሠራውን ግዙ፤ የመንገድ ንዝረትና የሙቀት መለዋወጥ እንዲችል ተብሎ ነው የተሠራው።

ዲቴክተር አለኝ ብላችሁም አትዘናጉ። በአሜሪካው ደረጃ መሠረት የተሠራ ዲቴክተር፣ መጠኑ 70 ፒፒኤም ሲሆን ከ1 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው የሚጮኸው። 400 ፒፒኤም ሲደርስ ግን ከ4 እስከ 15 ደቂቃ። ያነሰ መጠን ላይ ዝም ሊል ይችላል፤ ለነፍሰ ጡርና ለልብ ሕመምተኛ ግን ያ ያነሰው መጠንም ደግ አይደለም።

ሌላው የሚምታታው የፕሮፔን ጠቋሚ ነው። አርቪ ማብሰያው፣ ማሞቂያው፣ ብዙ ጊዜ ፍሪጁም በፕሮፔን ጋዝ ይሠራሉ። ፕሮፔን ከአየር ይከብዳል፣ ሲፈስ ወለል ላይ ይተኛል፤ ስለዚህ ጠቋሚው ወለል አጠገብ ይሰካል። የካርቦን ሞኖክሳይዱ ደግሞ ከምትተኙበት አጠገብ፣ ወደ መተንፈሻ ከፍታ። አንዱ የሌላውን ሥራ አይሠራም።

ከዲቴክተሩ በፊት ግን ምንጩን ማድረቅ ይሻላል። ስታድሱ "ብርድ ያስገባል" ብላችሁ የደፈናችሁት ቋሚ የአየር ቀዳዳ ካለ ክፈቱት፤ ሠሪው በከንቱ አልተወውም። ወለል የበሳችሁበት ቦታ ሁሉ በደንብ ይታሸግ፤ ከሥር ማርሚታው አለ። ክረምቱን ቆሞ የከረመ አርቪ ማሞቂያው ጭስ የሚያስወጣበት ቀዳዳ ውስጥ ተርብ ጎጆ ይሠራል፤ ቀልድ አይደለም፣ የጋዙ ማሽተቻ ይስባቸዋል ይባላል። ማሞቂያውን ከማስነሳታችሁ በፊት ባለሙያ ያሳዩት። የጋዝ ምድጃው ለማብሰያ ብቻ ነው፣ እሱም የጣሪያው ማስተንፈሻና አንድ መስኮት ተከፍቶ። ለማሞቂያነት ለኩሶ መተኛት ፈጽሞ አይሆንም።

ጀነሬተር ከሁሉም የባሰ ነው። ተንቀሳቃሽ ከሆነ ቢያንስ 6 ሜትር ይራቅ፣ ጭስ ማውጫው ወደ ሌላ አቅጣጫ ይዙር። ከመኪናው ጋር የተገጠመ ከሆነ ደግሞ ረጅም ሣር ውስጥ ወይም ግንብ ጥግ ስታቆሙ ጭሱ ተመልሶ ከሥር ይገባል። የራሳችሁን አጥፍታችሁ የጎረቤታችሁ ጀነሬተር በመስኮታችሁ ሊገባም ይችላል። የእኔ አቋም፣ ጀነሬተር እየሠራ እንቅልፍ የለም። አንዳንድ ሰው ይሄን ማካበድ ይለዋል። በአሜሪካ ብቻ ከእሳት አደጋ ጋር ባልተያያዘ የካርቦን ሞኖክሳይድ መመረዝ በዓመት ከ400 ሰው በላይ እንደሚሞት የአገሪቱ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ይገልጻል። ስለዚህ ላካብድ።

ዕድሳት ላይ ላላችሁ ሁለት ነገር በአጭሩ ልጨምር። አንደኛው ፎርማልዲሃይድ ነው። አዲስ ችፕውድ፣ ኤምዲኤፍና ኮላ ይህን ጋዝ ለወራት ይለቃሉ። በ2005 ከካትሪና አውሎ ነፋስ በኋላ የአሜሪካ መንግሥት ቤት ላጡ ሰዎች የሰጣቸው ተጎታች ቤቶች ነዋሪዎቹን ዓይን እያቃጠሉ፣ እያሳሉ ሲያስቸግሩ 519 ቤቶች ተለክተው መጠኑ ከተለመደው ቤት ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ስለዚህ አዲስ የሠራችሁትን በር መስኮቱን ከፍታችሁ በተቻለ መጠን ለሳምንታት አናፍሱት፤ በተለይ አስም ያለበት ልጅ ካለ። ይሄኛው ቢያንስ ዓይናችሁን አቃጥሎ ይነግራችኋል።

ሁለተኛው አይጥ ነው። ቆሞ የከረመ አርቪ ውስጥ የአይጥ ኩስ ካያችሁ በመጥረጊያ አትጥረጉ፣ በቫኩምም አታንሱ። አንዳንድ የአሜሪካ አይጦች ሃንታ የሚባል ቫይረስ ይይዛሉ፤ አቧራው ሲነሳ ነው የሚተነፈሰው። በ2012 ዮሰሚቲ ፓርክ ውስጥ ያደሩ 10 ሰዎች ተይዘው 3ቱ ሞተዋል። መጀመሪያ አናፍሱ፣ ጓንት አድርጉ፣ በውሃ በቀጠነ በረኪና (1 እጅ በረኪና፣ 9 እጅ ውሃ) አርሱት፣ 5 ደቂቃ ቆይታችሁ በወረቀት ጥረጉት።

እኛስ ጋ?

"እኛ አርቪ የለንም" እንዳትሉኝ። አባዱላና ዶልፊን ወንበር አውጥቶ ፍራሽ ማንጠፍ እየተለመደ ነው፤ ድንኳኑማ የታወቀ ነው። መዳረሻዎቻችንን እዩዋቸው፦ ወንጪ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ባሌ ላይ ሳነቴ 4,000 ሜትር ያልፋል። ሰሜን ተራሮች ላይ የሳንቃበር ካምፕ ራሱ ከ3,200 ሜትር በላይ ነው። ሌሊቱ አጥንት ይሰብራል። ሰዉ ምን ያደርጋል? ሥጋ የተጠበሰበትን ፍም ወደ ድንኳኑ ወይም ወደ መኪናው ያስገባል።

እዚህ ላይ ሌላ ወጥመድ አለ። ከፍታ ራሱ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ያመጣል። ጠዋት ሁሉም ራሱን ይዞ ሲነሳ "ተራራው ነው" ይባላል። ከፍታ ቦታ ላይ ደግሞ አየሩ ውስጥ ያለው ኦክስጅን ከመጀመሪያውም ሳስቷል፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሲጨመርበት ጉዳቱ ይብሳል። አንድ ነገር ለመለየት ይረዳችኋል፦ አብረው ያደሩ ሰዎች ሁሉ በአንድ ጊዜ ራሳቸውን ካመማቸውና ከውስጥ ሲወጡ ከተሻላቸው፣ ወይም ውስጥ ያደረው ታሞ ውጪ ያደረው ደህና ከሆነ፣ ተራራውን ትታችሁ ከሰሉን ጠርጥሩ።

"መስኮት ትንሽ ገርበብ አድርገናል" አይበቃም። ፈርኔሎው አጠገብ ውሃ በሳፋ ማስቀመጥም፣ ጨው መነስነስም ጋዙን አያጠፋውም። ሞተር አስነስቶ ማሞቂያ ከፍቶ መተኛትም ያው ነው፤ ረጅም መንገድ የምትነዱ ሹፌሮች ይሄ ለእናንተ ነው። ቡናውን፣ ጥብሱን፣ ሁሉንም ውጪ አድርጉት። ሲያበቃ ፍሙን በውሃ ድፉት፣ በእጅ ጀርባ ቀረብ ብላችሁ መቀዝቀዙን እዩ፣ ፈርኔሎውም እዛው ውጪ ይደር። ቢሰረቅ ሌላ ይገዛል። ለብርዱ ጥሩ ስሊፒንግ ባግ፣ ከሥር ወፍራም ፍራሽ፣ ካልሲ፣ ኮፍያ፣ ከላይ ጋቢ። ከሥር የሚመጣው ብርድ ከላዩ ይብሳል፣ ሰው ግን ሁሌ ከላይ ነው የሚደርበው።

ከሰል ያፈነው ሰው ብታገኙ

መጀመሪያ ወደ ውጪ ማውጣት። በሩን ወለል አድርጋችሁ ክፈቱ፣ ትንፋሻችሁን ይዛችሁ ፈጥናችሁ አውጡት። ውስጥ ቆማችሁ ለመቀስቀስ አትሞክሩ፤ ሊያድን ገብቶ አብሮ የሚወድቅ ሰው አለ። አገር ቤት 907፣ አሜሪካ 911 ደውሉ። የሚተነፍስ ግን የማይነቃ ከሆነ በጎኑ አስተኙት። ካልተነፈሰ ደረቱን መጫን (ሲፒአር) ጀምሩ።

ወተት፣ ሎሚ፣ ቡና፣ ውሃ... ራሱን በሳተ ሰው አፍ ውስጥ ምንም አታድርጉ፣ ሳንባው ውስጥ ነው የሚገባው። የነቃም ቢሆን ወተት ካርቦን ሞኖክሳይድን ከደም አያወጣም። የሚያወጣው ኦክስጅን ነው። በተራ አየር ደም ውስጥ ያለው ጋዝ በግማሽ ለመቀነስ ከ4 እስከ 5 ሰዓት ይወስዳል፤ በሆስፒታል ኦክስጅን ማስክ ግን ከ1 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ተኩል። "ነፋስ ሲመታው ይለቀዋል" ብላችሁ ቤት ባታስቀምጡት የምለው ለዚህ ነው። ሐኪም ጋ ስትደርሱ ደግሞ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገራችሁ "ከሰል ነበር" ወይም "ጀነሬተር ነበር" ይሁን።

ከተሻለውም በኋላ ጥቂት ሳምንታት አስተውሉት። አንዳንድ ሰው ሙሉ በሙሉ ድኖ ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላ መርሳት፣ የጠባይ መለወጥ ወይም የአረማመድ ችግር ያሳያል። "ምን ነካው?" ሳትሉ ወደ ሐኪም መልሱት።

አሁን ወደዛ ጥያቄ። ወንድማችንን "ባለቤትህ ነፍሰ ጡር ናት እንዴ?" ብዬው ነበር። "የአራት ወር" አለኝ።

ካርቦን ሞኖክሳይድ የእንግዴ ልጁን አልፎ ወደ ጽንሱ ይገባል። የጽንሱ ደም ከእናቱ የበለጠ ሊይዘው ይችላል፣ ከእሱ ለመውጣትም የበለጠ ጊዜ ይወስዳል። እናትየው ደህና ነኝ ብትልም ጽንሱ ተጎድቶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ነፍሰ ጡር ሴት ከሰል ካፈናት፣ ቀላል ራስ ምታት ብቻ ቢሆንም፣ ሁሌም ሆስፒታል ትሄዳለች። እሱ ሲጽፍልኝ አምስት ቀን አልፎ ነበር፤ በደሟ ውስጥ የሚለካ ነገር አይቀርም። ቢሆንም በዛው ቀን የእርግዝና ክትትል ሐኪሟ ጋ ደውላ የሆነውን በሙሉ እንድትናገር ነገርኩት። አሜሪካ ያላችሁ የመመረዝ መረጃ ማዕከሉን በ1-800-222-1222 በማንኛውም ሰዓት በነጻ መጠየቅ እንደምትችሉም አብሬ ነገርኩት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ጻፈልኝ። አልትራሳውንድ ተነስታለች፤ የጽንሱ የልብ ምትና እድገቱ ደህና ነው፣ በቅርብ እየተከታተሏት ነው። ሁለት አዲስ ዲቴክተር ገዝቷል፣ አንዱን ሲሞክረው ልጁ ከእንቅልፉ ዘሎ ተነሳ አለኝ። ፈርኔሎውን ለጊዜው ሚስቱ ጋራዥ ቆልፋበታለች።

አርቪ ወይም ካምፕ የሚወድ ዘመድ ካላችሁ ጽሑፉን ላኩለት። ጥያቄ ያላችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፣ ማታ ማታ እመልሳለሁ። መልካም ጉዞ።